በድንጋይ ቲኬት ድሬዳዋ ያደረሱን አቶ ዋጋሪ ባቻ

ከነቀምቴም ከጉቶ ጊዳም፣ ከጊምቢም መንገድ፣ እህል በደረሰበት በዚህ ወቅት ማሳችሁን ለዝንጀሮ ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ዛሬ ወደ ማረፊያቸው የምንሸኛቸውን የአቶ ዋጋሪ ባቻን ታሪክ ከልደታቸው ጀምሮ እስካረፉበት ቀን ድረስ እናሰማችኋለን። ቢረዝምባችሁ ታገሡን፤ እርሳቸውም ወሬ ጀምረው አሳጥረው አያውቁም ነበር።

አቶ ዋጋሪ ከአባታቸው ከአቶ ባቻ ጉሉማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳዲ መርጋ በጉቶ ጊዳ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ገደማ መባሉ ቀኑን የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ እናታቸውስ በሕይወት ሳሉ “አንበጣ የበላን ዓመት አይደለም፣ የሚቀጥለው ነው” እያሉ አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ዕድሜያቸው ለፊደል ሲደርስ በነቀምቴ የወንጌል ተማሪ ቤት ገብተው ጥቂት ጊዜ ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው የሲራራ ነጋዴ በቅሎ ነጂ ስለነበሩ፣ ቡናና ቆዳ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ልጃቸውን አስከትለው ሄዱ።

ለገሃር አጠገብ ሲደርሱ ባቡሩ ጮኸ። በቅሎዎቹ ደንብረው ጭነታቸውን እየጣሉ በአንድ ወገን ሲሸሹ፣ ዋጋሪ ደግሞ በሌላው ወገን ወደ ጩኸቱ ሮጡ፤ አባትየውም መሐል ላይ ቆመው የቱን እንደሚያሳድዱ ጨነቃቸው። በኋላ አገር ቤት ሲመለሱ ሰው “ልጁስ?” ብሎ ቢጠይቃቸው፣ “በቅሎዎቹን ሰብስቤ አምጥቻለሁ፤ ልጁን ግን ባቡሩ አስቀረብኝ” ብለው መልሰዋል ይባላል።

እንግዲህ አቶ ዋጋሪ በባቡሩ ሥራ በመጀመሪያ እንጨት ጫኝ፣ ቀጥሎ ሐዲድ ጠጋኝ፣ ከዚያም ፉርጎ ከፉርጎ የሚያያይዙ ሆኑ። በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች በሁለት ፉርጎ መካከል ተጨፍልቀው ቀሩ። ጥፋቱን በማንም ላይ አላመካኙም፤ “ቸኩዬ ነው፣ ብረት ደግሞ አይቸኩልም” ይሉ ነበር። እጃቸው ከዳነ በኋላ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ቲኬት እየበሱ የሚቆጣጠሩ ሆነው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ብዙ ዘመን አገለገሉ። በጠላት ወረራ ጊዜ ያዩትን አይተዋል፤ ነገር ግን ስለዚያ ማውራት ስለማይወዱ እኛም አንጨምርበትም።

በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሰናበቱ አለቃቸው መሸኛ ምን እንዲሰጧቸው እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። በዚያን ጊዜ በድሬዳዋ አንድ ያረጀ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ለማገዶ እየተፈታ ነበርና አቶ ዋጋሪ አግዳሚ ወንበሩን፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ ፋኖስና ያረጀ የቲኬት መብሻ ይሰጠኝ አሉ። ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው።

“ዋጋሪ፣ በወለጋ ሐዲድ የለም እኮ። ወንበሩን ምን ሊሠራልህ ነው?”

“ሐዲድ ስለሌለ አይደል እንዴ የምወስደው” አሉና በካሚዮን አስጭነው ነቀምቴ ገቡ።

አሳባቸው ይህ ነበር። በነቀምቴና በዙሪያዋ ባቡር ምን እንደሚመስል ሳያይ የሚሞት ሰው እንዳይኖር፣ ያመጡትን ዕቃ በአንድ ቤት አኑረው ለሁሉ ሊያሳዩ፣ ቤቱም ከእርሳቸው በኋላ ለልጅ ልጅ እንዲቆም ፈለጉ። የቀረ ዕድሜያቸው በሙሉ ያለቀው በዚህ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤቱ ይቆማል ወይስ አይቆምም በሚለው።

በ1936 ዓ.ም. አቶ ዋጋሪ የኮርቻ ሰፊውን የአቶ ተረፈን ልጅ ወይዘሮ ሸዋጌጥን በሽማግሌ ለመኑ፤ አቶ ተረፈ ከሸዋ መጥተው በነቀምቴ ይኖሩ ነበር። አቶ ተረፈ “ሰውየው ምን አለው?” ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ሲያበቁ አንደኛው “አግዳሚ ወንበር አለው” አሉ። አቶ ተረፈም፣ “እንግዲያው ልጄ ቆማ አትውልም” ብለው ፈቀዱ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ በሕፃንነታቸው ከሸዋ በበቅሎ መጥተው ከነቀምቴ ወዲያ ያልሄዱ፣ ባቡርን በዓይናቸው ያላዩ ሴት ነበሩ፤ ዛሬም አላዩም።

ከሠርጋቸው በኋላ አቶ ዋጋሪ በነቀምቴ ባኬ ጃማ በሚባለው ሠፈር ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ አጋጥመው የባቡሩን ቤት ሠሩ። ቤቱ እንደ ፉርጎ ረጅምና ጠባብ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። ጎረቤቱ “ይህ የሰው ነው የከብት?” እያለ ሲያልፍ፣ እርሳቸው በሩን ከፍተው ማንንም በነፃ ያስገቡ ጀመር። ሰው ይገባል፣ ፋኖሱን ይነካል፣ መብሻውን ያንቀጫቅጫል፣ መርቆ ይወጣል። ምርቃት ደግሞ ሣር አይገዛም፣ ለፋኖሱም ላምባ አይሆንም።

ምስጥ ያለበት አገር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሁለተኛው ዓመት ምስጡ የግድግዳውን እንጨት ጨርሶ ወደ አግዳሚው ተሻገረና አንዱን እግሩን ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ አቆመው። ይህን ማንም አላወቀም ነበር፤ አንድ ወፍራም የተከበሩ እንግዳ ተቀምጠውበት እስኪወድቁ ድረስ። እንግዳው ከተነሡ በኋላ “ባቡር እንዲህ ከሆነ በቅሎዬ ይሻለኛል” ብለው ወጡ። አቶ ዋጋሪ የዚያን ዕለት ምሳም አልበሉም። ወንበሩ ቢጠገንም ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ካልቆመና በቆርቆሮ ካልተከደነ ምስጡ ሁሉንም እንደሚጨርሰው ተረዱ፤ ለዚህ ደግሞ አቅም አልነበራቸውም።

በመጀመሪያ ያሰቡት መግቢያ ማስከፈል ነበር። በሩ ላይ ቆመው ለመግባት ሳንቲም ሲጠይቁ፣ በየቅዳሜው ከገበያ መልስ ሳይገቡ የማያልፉት ወይዘሮ ዘርፈሽ እግራቸው ደፉ ላይ እንዳለ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ኦቦ ዋጋሪ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ ደጅ ላይ የሚከፍለው? ነገ ደግሞ ጠማን ስንል ውሃውን ልትሸጡልን ነው?”

ነገሩ በገበያው ተወራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሰው እንኳ አልገባም። ሰው ሁሉ ከመንገዱ ማዶ “አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዋጋሪ!” ብሎ በትሕትና እጅ እየነሣ ያልፋል፤ ወደ በሩ ግን የሚጠጋ የለም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። አቶ ዋጋሪ ፋኖሱን ሲወለውሉ ይውሉና ማታ መልሰው ይሰቅሉታል።

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ቤቱን አስቀድመውም ብዙ አይወዱትም ነበር፤ ለላም የሚሆን ቦታ ይዞባቸዋልና። ነገር ግን የባላቸውን ፊት ማየት ስላልቻሉ አንድ ቀን እንዲህ አሉ።

“ቤት ለመግባት የሚከፍል ሰው አያገኙም፤ እኔም ብሆን አልከፍልም። መንገድ ለመሄድ ግን የማይከፍል ማን አለ? ካሚዮን ላይ ሲሳፈር ሁሉም ይከፍል የለም? ቤቱን በነፃ ይግቡ። ወንበሩ ላይ ያሳፍሯቸው።”

“ወዴት ላሳፍራቸው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ።”

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አቶ ዋጋሪ ከሲጋራ ካርቶን ቲኬት ቆርጠው፣ በየቲኬቱ ላይ የጣቢያውን ስም ጽፈው አሳፋሪ ሆኑ። ሞጆ ድረስ የሚሄድ ጥቂት ይከፍላል፣ ናዝሬት የሚሄድ ይጨምራል፣ ድሬዳዋ የሚሄድ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው በአግዳሚው ላይ ይደረደራል፤ እርሳቸው ቲኬቱን እየበሱ ያልፉና ፊሽካቸውን ነፍተው ጉዞውን በቃል ይጀምራሉ። አቃቂ ላይ በቀኝ የሚታየውን፣ ቢሾፍቱ ላይ በግራ እንደ ሳሕን የተቀመጠውን ሐይቅ፣ የአዋሽን ድልድይና ከሥሩ ያለውን ገደል ሲያወሩ፣ ድልድዩ ላይ ሲደረስ መንገደኛው ሁሉ ወንበሩን ጨብጦ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ደጅ ላይ ሳንቲም አንሰጥም ያሉትም ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሳያጉረመርሙ ከፈሉ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን እስከ ሚኤሶ ሄደዋል።

ማየት የተሳናቸው አቶ ዱቤ ደግሞ ሁልጊዜ “መስኮት ዳር አስቀምጡኝ” ይሉ ነበር። አንዱ ወጣት “አባ፣ እርስዎ የማያዩትን መስኮት ለምን ይይዙብናል?” ቢላቸው፣ “እናንተ እዩ፤ ነፋሱ ግን የእኔ ነው” ብለው ቦታቸውን አለቀቁም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠብ ተነሣ። በቆሎ ሸጠው የመጡ አቶ ታፋ የሚባሉ ገበሬ እስከ ናዝሬት ቲኬት ቆርጠው ተሳፈሩ። ናዝሬት ሲደረስ አቶ ዋጋሪ “የናዝሬት መንገደኛ ይውረድ” አሉ። አቶ ታፋ አልተነሡም።

“ኦቦ ታፋ፣ ደርሰዋል፤ ይውረዱ።”

“የት ልውረድ? ውጭው ነቀምቴ ነው።”

“ቲኬትዎ እስከ ናዝሬት ነው።”

“ብወርድም ደጅ ቆሜ እሰማ የለም? ጆሮዬን ናዝሬት ልተወው?”

አቶ ዋጋሪ በሥራቸው ቀልድ አያውቁምና ፊሽካውን ኪሳቸው ከተው ባቡሩን አቆሙ። የድሬዳዋ መንገደኞች ተንጫጩ፤ “አስወርዱትና እንሂድ፣ ይመሽብናል” የሚልም ነበር። ጉዳዩ እዚያው ስላልበረደ ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ሽማግሌው አቶ ጨመዳ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ እንዲህ ፈረዱ።

“ውጭው ነቀምቴ ነው ማለቱ ታፋ ልክ ነው። ቲኬቱ ናዝሬት ድረስ ነው ማለቱም ዋጋሪ ልክ ነው። ሳንቲም አልቆበት ወደ ፊት መሄድ የሚወድ ሰው ያለውን ይስጥ። ታፋ፣ ምን አለህ?”

“ትከሻ አለኝ።”

“እንግዲያው ከወንዙ ድንጋይ ተሸከም። ለቤቱ መሠረት ይሆናል፤ ምስጥ ድንጋይ አይበላም። እርሱም ድሬዳዋ ያድርስህ።”

አቶ ታፋ በሚቀጥለው ቅዳሜ በትከሻቸው ትልቅ ድንጋይ ይዘው መጡ፤ አቶ ዋጋሪም ቲኬት በስተው ሰጧቸውና ድሬዳዋ አደረሷቸው። ይህን ያየ ሁሉ በተራው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣ ጀመር። በሁለት እጅ የሚያዝ ሞጆ ያደርሳል፣ በትከሻ የሚመጣ ናዝሬት፣ ሁለት ሰው በአጠና የተሸከመው ሁለቱንም ድሬዳዋ ያደርሳቸዋል፤ አቶ ታፋ ግን እንደተፈረደላቸው ብቻቸውን ተሸክመው ድሬዳዋ ይሄዱ ነበር። ልጆችም መሳፈር ፈልገው ከአቅማቸው በላይ እያነሡ ሲመጡ እናቶች የልጆቻችን እግር ይደቅቃል፣ ወገባቸው ይጎብጣል ብለው ስለሠጉ፣ አቶ ዋጋሪ ልጅ ከቡጢው የሚበልጥ እንዳያመጣ ከልክለው፣ በቡጢው ልክ ያመጣውን አቃቂ ድረስ ወስደው ያስወርዱት ነበር። አቃቂ ያልጠገበ ልጅ ስንት ጊዜ ወደ ወንዙ ሮጦ እንደተመለሰ እዚህ የቆማችሁ ወላጆች ምስክር ናችሁ።

እንዲህ ሆኖ የባቡሩ ቤት በመንገደኞቹ ድንጋይ መሠረት ላይ ቆመ። መሠረቱን የደረደሩት አቶ ታፋ ሲሆኑ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆነው ኖሩ። የከፋዮቹም ሳንቲም ለኖራና ለላምባ ሆነ።

ክዳኑ ቀረ። ቡና ነጋዴው አቶ ማዘንጊያ ቆርቆሮውን በሙሉ ልስጥ ብለው መጡ፤ ነገር ግን ስማቸው በትልቁ ከበሩ በላይ እንዲጻፍ ፈለጉ። አቶ ዋጋሪ ይህን አልወደዱትም። “የማዘንጊያ ቤት ተብሎ ከተጻፈበት ሰው ቡና ሊሸጥ ይመጣብኛል” ብለው ሲያስቡ ሰንብተው አንድ መላ አገኙ።

“አቶ ማዘንጊያ፣ በር ላይ የተጻፈ ስም ዝናብ ያጥበዋል። እኔ ጣቢያ ላድርግዎት።”

“ጣቢያ ማለት?”

“በሞጆና በናዝሬት መካከል ባቡሩ ውሃ ሊቀዳ ይቆማል። ‘ማዘንጊያ!’ ብዬ እጣራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በመንገደኛ ሁሉ ፊት።”

አቶ ማዘንጊያ በዚያው ሳምንት ቆርቆሮውን አስጭነው ላኩ፤ ቅዳሜም መጥተው ስማቸው ሲጠራ ባርኔጣቸውን አነሡ።

ነገሩ ግን ጣጣ አመጣ። ከጊዳ አያና የመጣ አንድ ወጣት በባቡሩ ቤት መንገዱን ሁሉ ተምሮ፣ በኋላ ለውትድርና ወደ ሐረር ሲሄድ በእውነተኛው ባቡር ተሳፈረ። ሞጆን ካለፈ በኋላ ዕቃውን ይዞ ተነሥቶ ቲኬት ተቆጣጣሪውን “ማዘንጊያ ላይ ለምን አልቆማችሁም? ውሃ ልጠጣ ነበር” ብሎ ተጣላው። ፉርጎው በሙሉ ሳቀበት። ለዕረፍት ሲመለስ ወደ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ባኬ ጃማ መጣና፣ “ኦቦ ዋጋሪ፣ እርስዎ አሳፈሩኝ” አለ። አቶ ዋጋሪም ይቅርታ ጠይቀው፣ በነፃ ድሬዳዋ አድርሰውት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ “ማዘንጊያ!” ብለው በተጣሩ ቁጥር “ይህ ጣቢያ ያለው ነቀምቴ ብቻ ነው” የሚል ጨመሩበት። አቶ ማዘንጊያ ይህን ሲሰሙ ይቀየማሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን “እንዲያውማ ሌላ አገር የለም ማለት ነው” ብለው ኩራቱ ባሰባቸው።

አቶ ዋጋሪ ከወይዘሮ ሸዋጌጥ ጋር በነበራቸው ትዳር ድርቤን፣ መርጋንና ኢትዮጵያን ወልደው አሳድገዋል። ልጆቻቸውን በፊሽካ እየቀሰቀሱ ተማሪ ቤት ይልኩ ነበር እንጂ በአለንጋ አላስነኩም። ራሳቸው ግን ጨው ይዘው እንዲመጡ ገበያ ሲላኩ ሚስማር ይዘው የሚመለሱ፣ ለቤተሰቡ ጫማ የታሰበውን ለፋኖስ ብርጭቆ የሚያውሉ ሰው ስለነበሩ ወይዘሮ ሸዋጌጥ በዚህ ብዙ ተናግረዋል። ነገር ግን ያኮረፉበት ቀን ማምሻ ላይ አቶ ዋጋሪ ወደ ወንበሩ ወስደው በነፃ ቢሾፍቱ ያደርሷቸውና ሁለቱም እየሳቁ ይመለሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት አቶ ዋጋሪ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ አይቶ ፊሽካ መንፋትም ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገርም ከለከላቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ያሳሰባቸው በሽታው አልነበረም። የቤቱን ነገር ነበር የሚያነሡት፤ ድንጋዩን ምስጥ ባይበላው፣ የሚያሳፍር ሰው ከሌለ ቤቱ ቆሞ ምን ያደርጋል ይሉ ነበር። መርጋ ጊምቢ ያስተምራል፤ ድርቤ ጨቅላ ይዛለች፣ ኢትዮጵያ ገና ተማሪ ናት። ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ይዘጋ፣ ወይም ለመጋዘን ይከራይ ብሎ መከረ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ምክሩን አዳመጡ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን በሩን ከፈቱ፣ ቲኬት በሱ፣ ፊሽካውን ነፉ። አንድ ቀን እንኳ ባቡር ያላዩት ሴት፣ ለዓመታት ግድግዳ ለግድግዳ የሰሙትን መንገድ ከአቃቂ ጀምረው ጠሩት።

ማታ ወደ አልጋው ቀርበው፣ “ምን ያህል ተሳሳትኩ?” ብለው ጠየቁ።

“ናዝሬትን ከሞጆ አስቀድመሻታል።”

“ወይ ጉድ። ሰዎቹስ?”

“ሞጆን ረስተሽ አልፈሽ ተመልሰሽ አመጣሻት። ማንም አልወረደም፤ ሁሉም ደርሷል” ብለው አቶ ዋጋሪ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ። ያን ሌሊት ደኅና ተኙ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በግድግዳው በኩል እየሰሙ ይውሉ ነበር። ያረፉትም በቅዳሜ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሸዋጌጥ መንገደኛ ጭነው ሳሉ የአቶ ዋጋሪ ትንፋሽ ደከመ። ልጃቸው ድርቤ ሕፃኗን እንዳዘለች ሮጣ እናቷን ጠራች፤ ወይዘሮ ሸዋጌጥም ፊሽካውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ገቡና እጃቸውን ያዙ። አቶ ዋጋሪ ዓይናቸውን ገልጠው አዩአቸው።

“ሰዎቹን የት ተውሻቸው?”

“አዋሽ።”

“አዋሽ ላይ ሰው አይተውም፤ ሙቀት ነው። ሂጂ፣ አድርሻቸው።”

“እርስዎን ትቼ?”

“እኔ እየሰማሁሽ ነው።”

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ተነሥተው ወጡ። በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ተሰማ፤ ሚኤሶን ጠሩ፣ አፍደምን ጠሩ፣ ኤረርን ጠሩ፣ አንዱንም ሳይስቱ፣ አንዱንም ሳያሳጥሩ ድሬዳዋ ገቡ፤ መንገደኛውንም በየስሙ እየጠሩ አስወረዱ። ሲመለሱ አቶ ዋጋሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ ምንም ሳይጨነቁ አርፈው ነበር። ድርቤ እንደምትለው ኤረርን ሰምተዋል፤ ድሬዳዋንም ሳይሰሙ አልቀሩም።

አቶ ዋጋሪ ባቻ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋጌጥ ተረፈን፣ ልጆቻቸውን ድርቤን፣ መርጋንና ኢትዮጵያን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸው የሆኑትን አቶ ታፋን፣ እንዲሁም በአግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ድሬዳዋ ደርሳችሁ የተመለሳችሁትን ሁላችሁንም ትተው አልፈዋል። ቤቱን ለመጋዘን የጠየቁን ወገኖች እንዳይቀየሙን እንለምናለን፤ ቤቱ አይከራይም። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ያሳፍራሉ፤ የጓሮው ግድግዳ መሠረት ገና ስላላለቀ ሳንቲም የሌለው ድንጋይ ይዞ ይምጣ፣ ልጆች ግን ከቡጢያቸው የሚበልጥ እንዳይሸከሙ አደራ።

መንገደኛን በየመንገዱ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ባሪያውን ዋጋሪን በሰላም ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ሸዋጌጥ ብርታት፣ ለልጆቻቸው መጽናናት፣ ለእናንተም ደኅና መግቢያ ይስጥልን። አሜን።